ባለ እጀታው ኮምፒዩተር

ለመሆኑ አሥራ ሦስት ኪሎ የሚመዝን ነገር «በእጅ የሚያዝ» ይባላል? ፈረንጅ ብሎታል። እነዚያን በሰባዎቹ ዓመታት የተሠሩ ኮምፒዩተሮች አይታችሁ እንደሆነ፣ እጀታ አላቸው። እጀታ ያለው ሁሉ ቀላል ነው ያለው ማን ነው? በርም እኮ እጀታ አለው!

መንግሥት በተለወጠ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ መሳለሚያ አንድ አስመጪ ዘንድ በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር። አለቃዬ ሐጂ ሸምሱ ከጅዳ ያመጡት እንዲህ ያለ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበራቸው። አንድ ቀን መቀርቀሪያው ነክሶ ክዳኑ አልከፈት አለ። «መርካቶ ዱባይ ተራ ሠሪ አለ፤ ውሰደው። ከጠፋ ግን አንተም አብረህ ጥፋ» አሉኝ። እሳቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ተሸካሚ ይዤ፣ «ሠሪ ጋ ነው የምንሄደው» አልኳቸው። ዓይኔን ከጀርባቸው አልነቀልኩም። የፈሩት ይደርሳል አይደል? አንድ ጋሪ መሃላችን ገባ። ጋሪው ሲያልፍ ጋሽ ደምሴ የሉም።

ያገኘሁትን ሁሉ «ኮምፒዩተር የተሸከመ ሰው አላያችሁም?» እላለሁ። ያኔ ኮምፒዩተርን ማን ያውቀዋል? አንዲት ሎሚ ሻጭ ብቻ፣ የስፌት መኪና የተሸከሙ ሽማግሌ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ሄደዋል አለችኝ። ክዳኑ የተዘጋ ኮምፒዩተር ቁርጥ የስፌት መኪና ሣጥን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባኝ። በረርኩ።

ጋሽ ደምሴ ቁጭ ብለዋል። ከጎናቸው አንድ የስፌት መኪና ጠጋኝ አዛውንት፣ መፍቻ ይዘው ከኮምፒዩተሬ ክዳን ጋር ይታገላሉ።

«ተዉት አባቴ፣ ኮምፒዩተር ነው!» ብዬ ጮህኩ።

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝ። ዕድሜዬን የስፌት መኪና ስጠግን ኖሬ አንተ ነህ የምትነግረኝ አሉ። ከዚያ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረው፣ የንብረቱን ስም የማያውቅ ባለቤት አይተው ያውቃሉ ወይ ብለው ጠየቁ።

«ሠሪ ጋ ብሎ ያሸከመኝስ እሱ ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ «የማን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ሰው ተሰበሰበ። «ሌባ» የምትል ቃል ከኋላዬ ሰማሁ። መርካቶ ውስጥ ይህች ቃል ከወጣች በኋላ ማስረጃ የሚጠብቅ ማን ነው? ከፍቼ እንዳላሳይ፣ አይከፈት! ሐጂ ታዩኝ። እናቴ ታየችኝ።

«ይቅርታ አባቴ» አልኩ አንገቴን ደፍቼ፤ «የእህቴ የስፌት መኪና ናት።»

አዛውንቱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ኮምፒዩተሩን አሸከሙኝ።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፤ «እውነት ስትናገር እንዴት ያምርብሃል!»