ቢስሚላህ ስንተኛው መስመር ነው?

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ እናንተ ስትቆጥሩ ከስንት ነው የምትጀምሩት? አትሳቁ። እኔም ድሮ ይሄ ጥያቄ ነው ብዬ አላስብም ነበር። ጣት ያለው ሰው ከአንድ ይጀምራል፤ ሌላ ምን አለ?

እኔ የምሠራበት፣ ሳዑዲ ያለው የአል ኹበር ቢሮ ግን በዚህ ነገር ሰው ይኮራረፋል። ሥራችን ፋይል የሚያነብ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ፕሮግራሙ መስመር በመስመር ያነብና ስሕተት ሲያገኝ የመስመሩን ቁጥር ይናገራል። ታዲያ የመጀመሪያው መስመር ቁጥሩ ስንት ነው? ከጎኔ የሚቀመጠው ግብፃዊው ሙስጠፋ ዜሮ ነው ይላል። ማሽኑ እንደዚያ ነው የሚቆጥረው፣ ለምን እናስቸግረዋለን ባይ ነው። እኔ ደግሞ ፋይሉን ከፍቶ የሚያርመው ሰው እንጂ ማሽን አይደለም እላለሁ። ዜሮኛ ልጅ የወለደች እናት አይታችኋል? በዚህ ስንከራከር ስንት ሻይ ቀዝቅዞብናል።

እንዲህ እያልን የአክስቴ የከድጃ ልጅ፣ ሐያት፣ ልታገባ ሆነ። አክስቴ እዚሁ ዐቅረቢያ የሚባለው ሰፈር መኖር ከጀመረች ዘመን ሆኗታል፤ ከወሎ ይዛው የመጣችውን ድግስ ማብዛት ግን አልተወችም። ደማም ከተማ፣ ባሕሩ ዳር አዳራሽ ተያዘ። እዚህ አገር የሴቶች አዳራሽ በር ላይ ካርድ የሌላት ሴት አታልፍም። እኔም ማን ጠይቆኝ እንደሆነ እንጃ፣ ካርዱን ከነእንግዳው ቁጥር የሚያዘጋጅ ፕሮግራም እጽፋለሁ አልኩ።

አክስቴ የእንግዶቹን ስም ለአንድ ሰው አንድ መስመር እየሰጠች በስልኳ ጽፋ ላከችልኝ። ፕሮግራሜ አነበበና ሰባተኛው መስመር ላይ ያለው ስም ተደግሟል አለ። ደውዬ ሰባተኛው ይሰረዝ አልኳት። ሰርዛ መልሳ ላከችው፤ «ኸላስ» አለችኝ፣ አለቀ ማለቷ ነው። እኔም ደግሜ ሳልፈትሽ ካርዱ ለሁሉም በስልክ ተላከ።

ለሁሉም አልኩ እንዴ? የሙሽራው እናት ሐጃ ዘሀራ ስልካቸውን ሲያዩ ዋሉ። ለጎረቤታቸው ደርሷል፤ ለጎረቤታቸው እህት ደርሷል። ለእሳቸው ማፊ፣ ምንም የለም። በማግስቱ መልእክት ላኩ፤ እኔ ካልተጠራሁ ልጄም አልተጠራም የሚል። ሐያት ክፍሏን ዘግታ አለቀሰች።

ፋይሉን ስከፍተው ነገሩ ገባኝ። አክስቴ ከሁሉም በላይ፣ መጀመሪያው መስመር ላይ «ቢስሚላህ» ብላ ጽፋለች። ሥራዋን በሌላ በምን ትጀምር? ፕሮግራሜ እሱን አንድ ብሎ ቆጥሮታል። አክስቴ ደግሞ ከእንግዶቹ ጀምራ ቆጠረችና፣ ከተደገመው ስም ቀጥሎ የነበሩትን ሐጃ ዘሀራን ሰረዘቻቸው። መነጽሯን አላደረገችም፤ ኮምፒውተር ካለ ምን ማየት ያስፈልጋል? መስመር ሁሉ ከአንድ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው ብዬ ላስረዳት ስሞክር አፈጠጠችብኝ።

«ቢስሚላህ ይባላል እንጂ ይቆጠራል እንዴ? የአላህን ስም ከእንግዳ ጋር ላሰልፈው?»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ከመቁጠር በፊት ያለውን ነገር ስንት አመት ሙሉ ሙስጠፋ ዜሮ ሲለኝ አልሰማሁትም።

ታክሲ ይዘን ሐጃ ዘሀራ ዘንድ ሄድን። ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። ቢስሚላህ ዜሮ ቁጥር ላይ ቢቀመጥ ኖሮ እርስዎን ማንም አይነካዎትም ነበር አልኳቸው። ፊታቸውን አልፈቱም። አክስቴ ምላ ተገዝታ፣ ከቢስሚላህ ቀጥሎ የመጀመሪያዋ እንግዳ እሳቸው እንደሚሆኑ ቃል ገባች። እሳቸውም ካርዳቸውን በር ላይ እንደሚያዩት፣ አንድ ቁጥር ካልሆነ ልጃቸውን ይዘው እንደሚመለሱ ነገሩን።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ፕሮግራሙን ላስተካክል ቁጭ አልኩ። ቢስሚላህን ሳትቆጥር እለፈው አልኩት። ደግሞም ለሙስጠፋ ክብር ከዜሮ ጀምር አልኩት። አንዱ ይበቃ ነበር።

የሰርጉ ዕለት ከሴቶቹ አዳራሽ በር ውጭ ቆሜ እንግዳ እቀበላለሁ። ሐጃ ዘሀራ ከነልጃቸው መጡ፤ ስልካቸውን ለበረኛዋ ሰጡ። በረኛዋ ጮክ ብላ አነበበች፦ እንግዳ ቁጥር ዜሮ።

ሙሽራው እናቱን ያያል፤ አክስቴ እኔን ታያለች። የሙሽራ እናት ዜሮ ትባላለች? ሐጃ ስልኩን ተቀብለው ትክ ብለው አዩት።

«ዜሮ ላይ ማን ነው የሚቀመጠው ነበር ያልከኝ?» አሉኝ።

«ቢስሚላህ» አልኩ።

«እንግዲያው በቢስሚላህ ገባሁ» አሉና ቀኝ እግራቸውን አስቀድመው ገቡ። ከውስጥ እልልታው ሲቀልጥ ተሰማኝ።

በማግስቱ ለሙስጠፋ እጄን ሰጠሁ። ሻይ ጋበዘኝ፤ ያኔ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ጠጣን። ሙሽኪላው፣ ችግሩ ማለቴ ነው፣ ግን ገና አላለቀም። ሐጃ በቢስሚላህ ቦታ ገባሁ እያሉ ካርዳቸውን ያላሳዩት ሰው የለም። አሁን ሌላ ሰርግ ደርሷል፤ የሙሽሪት እናትም የሙሽራው እናትም አክስቴ ከድጃም ዜሮን ለእኔ ካላደረግህ ብለው ይዘውኛል።

አንድ ቁጥርን የሚወስድልኝ ሰው ጠፋ።