«እናቱን አሳዩኝ» እና መልከ መልካሙ አውራ በግ

ጎረቤታችን ጋሼ ልጃቸውን ላግባ ብሎ የመጣውን ጎረምሳ በዱላ አባረሩት ተብሎ ሰፈሩን ሙሉ ተወርቷል። ሐሰት ነው። በእጃቸው የነበረው ለበጎቻቸው የያዙት እቅፍ ድርቆሽ ነው። ደግሞም አላባረሩትም፤ «መጀመሪያ እናትህን አሳየኝ» ብቻ ነው ያሉት። ወሬ ወደ ሰፈራችን የሚገባው በእኔ ደጅ አልፎ ስለሆነ በደንብ አጣርቻለሁ።

በየሰፈሩ አንድ ቁልፍ ይዞ የሰውን በር ሁሉ የሚሞክር ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር «እናቱን አሳዩኝ» ናቸው። የወተት በጎች ያረባሉ። አውራ በግ አይታለብም፤ የሱ ነገር የሚታወቀው ሴት ልጆቹ አድገው ሲታለቡ ነው። እስከዚያ የእናቱን ግት አይቶ መገመት ነው። ጋሼ ይህን ሕግ ከጋጣ አውጥተው ዓለምን ያስተዳድሩበታል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት የሐኪሙን እናት ጥርስ ጠይቀዋል አሉ።

መኖ ላይማ አይነሣባቸው። «ወተት የሚሠራው ከወሊድ በፊት ነው» ብለው እርጉዝ በጎቻቸውን እንደ አራስ ይቀልባሉ። ባለቤቴ እርጉዝ ሳለች በየጠዋቱ በአጥሩ ብቅ ብለው «ዛሬስ በላች?» ይሉኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ከበጎችዎ እኩል አደረጓት እኮ።»

«አንተ እኩል ብታደርጋት መች ጠላሁ።»

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው ገበያ ወጥተው፣ እናቱን ሳያዩ፣ አውራ በግ ገዝተው የመጡት። ቁመናው አፈዘዛቸው። ጀርባው ጠረጴዛ፣ አረማመዱ የሙሽራ። ሚስታቸው እትዬ «እናቱስ?» ሲሏቸው «ይሄን የወለደች መጥፎ ልትሆን ነው?» አሉ።

የበጉ ሴት ልጆች አድገው ወለዱ። እናቶቻቸው ባልዲ ይሞሉ ነበር፤ እነሱ ብርጭቆም አልሞሉ። ጋሼ ፉርሽካ ጨመሩ፣ ፋጉሎ ጨመሩ። በጎቹ ወፈሩ፤ ወተቱ እዚያው። ቤቱ የሚኖረው እትዬ በሚሠሩት አይብ ነው፤ ደንበኞቻቸው ደግሞ አንድ በአንድ ወደ ሌላ መሄድ ጀመሩ።

«አንተ ሰውዬ» አሉ እትዬ አንድ ቀን፣ ባዶውን የአይብ መደርደሪያ እየወለወሉ፣ «ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ እኔ ማለብ አቆማለሁ።»

«ትንሽ ጊዜ እንየው።»

«አየነው እኮ። ልጆቹንም አየናቸው።»

ሥጋ ሻጩ ተጠራ። የበጉን ጀርባ ዳብሶ «ይሄማ ነውር የለውም» አለ። ጋሼ ገመዱን ለመፍታት ጎንበስ አሉ፤ ጣታቸው ግን ቋጠሮውን ረሳው። እኔ እንደ ልማዴ አጥሩ ላይ ነበርኩ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ግቢዬን ሣር ውጦታል፤ የሚግጥልኝ አጥቼ ነው። ለኔ ይስጡኝ።»

እትዬ በአጥሩ አሻግረው ግቢዬን አዩ። ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞር አሉ፣ ሥጋ ሻጩን ይቅርታ ጠይቀው ሸኙት፣ ቋጠሮውን ራሳቸው ፈትተው ገመዱን አቀበሉኝ።

በጉን እየጎተትኩ ገባሁ። ጋሼ መኖውን በጆንያ ተሸክመው ተከተሉኝ፤ እትዬም መጡ። ሦስታችንም ቆመን ስናየው ሲሚንቶውን አሸተተና ቀና አለ።

«ለነገሩ» አሉ ጋሼ፣ «እሱ ወተት አለኝ ብሎ አያውቅም።»