የአያ ታረቀኝ እጅና የእኔ ትከሻ

ወጌሻ ሆኖ ጉራ የማያውቅ ሰው ካለ አሳዩኝ፤ እስከ ሮቢት በእግሬ ሄጄ እጁን እስማለሁ። የኛው የቆቦው፣ የአጥንት ሁሉ ንጉሥ፣ ክቡር አያ ታረቀኝማ ከሁሉም ይብስ ነበር። «አጥንት ድምፄን ሲሰማ ራሱ ቤቱ ይገባል» ይላል። እውነትም ይገባል።

እኔ እንኳ ጉራ አልወድም። ግን በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ከእርዳታ መኪና ስንዴ ስናወርድ እንደኔ የሚሸከም አልነበረም። መኪኖቹ ራሳቸው ሲያዩኝ... እሱ ይቆየን። የተሸከመ ማታ በጣሳ ስንዴ ይዞ ይገባል። ያልተሸከመ ሰልፍ ይቆማል፤ የሰልፉ ጭራ ጎብዬ ከተማ ነው። ሚስቴ ሸዋዬና ሁለቱ ልጆቼ ያቺን ጣሳ ነው የሚጠብቁ።

ታዲያ ቀኝ ትከሻዬ ውልቅ! አያ ታረቀኝ መጣ፣ ተረከዙን ብብቴ ስር አስገብቶ ሳበኝ፣ ቋ ብሎ ገባ። በሳምንቱ ደግሞ ወለቀ። ኋላማ ሳማትብ ሁሉ ይወልቅ ጀመር።

«አንተ እሸቴ፣ ናፍቄህ ነው የምታወልቀው?» ይለኛል። ሲያሽም አፉ አያርፍ። «አባቴ የታረደ ፍየል አጥንት ከቆዳ ስር ከቶ፣ ዓይኔን አስሮ ሰባት ዓመት አስዳሰሰኝ። ዛሬ ፍየሉም አለቀ፤ ሰውን በምን ላስተምር?»

አንድ ቀን፣ ለሠላሳኛ ጊዜ ወልቆ ይመስለኛል፣ ትከሻዬን ዳሰሰና ዝም አለ። ያ ሰው ዝም! የሞትኩ መሰለኝ።

«እሸቴ፣ አጥንቱ ደህና ነው። የሚይዘው ጅማት ነው የተበጠሰ። ይሄ ተከፍቶ ይሰፋል እንጂ በእኔ እጅ አይሆንም።»

በጭነት መኪና ደሴ ወሰደኝ። ሐኪሙ ካሳ የሚባል ለጋ ጎረምሳ ነው። አያ ታረቀኝ ከላይ እስከ ታች አየው።

«አንተ ልጅ፣ ስንት ትከሻ ሰፍተሃል? ማንስ እያየህ?»

እኔ በሀፍረት አለቅሁ። ሐኪሙ ግን ሳቅ አለ።

«አባቴ፣ አስተማሪዬ አጠገቤ ቆሞ አስራ ሁለት፤ ብቻዬን አምስት። ከዚያ በፊት በሬሳ ላይ ነው የተማርኩት።»

«እንግዲያው አንተም ፍየል ነበረህ» አለ አያ ታረቀኝ። «ስፋው!»

ሰፋው። አያ ታረቀኝ ወደ ቆቦ ተመለሰ፤ እኔ ሦስት ወር እዚያው ደሴ እጄን አንጠልጥዬ ተቀመጥኩ። ቤት ስገባ ሸዋዬም ልጆቹም በሕይወት አሉ።

«ማን አበላችሁ?»

«አያ ታረቀኝ ናቸዋ! ባንተ ቦታ ከረጢት ሲሸከሙ ከረሙ። እንዳትነግሪው ብለውኝ ነው።»

ያን ሁሉ ሲጎርር የኖረ ሰው ይቺን አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በዓመቱ ሞተ።

ትከሻዬ ከዚያ ወዲያ ወልቆ አያውቅም። አንዳንዴ ግን ብቻዬን ስሆን ቀኝ እጄን ወደ ላይ ብድግ አደርጋለሁ። ቢወልቅልኝ፣ «ናፍቄህ ነው?» የሚል ድምፅ ከበሩ ይመጣ ይመስለኛል።