እትዬ አባሪና የወንድሜ «እችላለሁ»

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለበት ሁሉ፣ ከሠራተኞቹ በላይ ሕጉን የሚያውቅ አንድ ባለጉዳይ አይጠፋም። ደመወዝ የለው፣ ወንበር የለው፤ ኮሪደሩን ግን የሚያስተዳድረው እሱ ነው። የእኛ ሰፈሯ ክብርት እትዬ አባሪ ይባላሉ። ይህን ስም ያወጣንላቸው፣ ሰው «ጤና ይስጥልኝ» ሲላቸው «አባሪው ተሟልቷል?» ብለው ስለሚመልሱ ነው።

የአካል ጉዳት ድጋፍ የሚያመለክት ሰው ካገኙ ምሳቸውን ይረሳሉ። የሐኪም ማስረጃው ማኅተም ከደበዘዘ፣ ሐኪሙ ድረስ ተመልሰው እንደገና ያስመታሉ። የፎቶ ኮፒውንም ፎቶ ኮፒ ያስቀምጣሉ። አንድ ጊዜ የመስኮት ሦስት ጸሐፊ «ይህ ቅጽ ተቀይሯል» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ አሮጌውን የያዝከው አንተ ነህ» ብለው አዲሱን ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡት። አመስግኖ ተቀበለ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔ እሳቸውን ሳይ መንገድ የምቀይር ሰው ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ እስኪወድቅ ድረስ ማለት ነው። አናጺ ነው፤ ከመወጣጫ ወድቆ ቀኝ እጁ አልጨብጥ አለው። ድጋፍ ቢያመለክት «አይገባዎትም» የሚል ደብዳቤ መጣለት። ይግባኝ ለማለት ሠላሳ ቀን አለው፤ ያ ካልተሳካ ቤቱን ለቆ፣ ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ እኔ ጋ አንዲት ክፍል ውስጥ ሊገባ ነው። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ማንኮራፋቱን ግን ጎረቤት ይመስክር። ዓይኔን በጨው ታጥቤ እትዬ አባሪን ለመንኳቸው።

ቤቱ ድረስ መጡ፤ መነጽራቸውን ሰክተው የሞላውን ቅጽ አነበቡ። ያለ ሰው እርዳታ መልበስ ይችላሉ? «እችላለሁ።» ዕቃ ማንሳትስ? «በፈጣሪ እርዳታ እችላለሁ።» መጻፍስ? ለዚህኛው በግራ እጁ፣ ዶሮ የጫረችው በሚመስል ጽሕፈት፣ «በደንብ» ብሏል።

«የሸሚዝህን ቁልፍ ዛሬ ማን ቆለፈልህ?» አሉት።

ወንድሜ ሚስቱን አየ። ሚስቱ መሬት መሬቱን አየች።

«እሷ ናት። ግን ይኼ የቤት ገመና ነው እትዬ፤ ሆድ ይፍጀው።»

«ጸሐፊው ሆድህን አያነብም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ፎርም ላይ ጀግና አይኮንም፣ ልጄ።»

ይግባኙን በጊዜው አስገብተን፣ በቀጠሯችን ቀን ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ ፊት ቀረብን። ሰብሳቢዋ «እንዴት ነዎት?» ሲሉት የወንድሜ አፍ «ደህና» ለማለት ተሰናዳ። እትዬ አባሪ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደህና አይደለሁም» አለ አቀርቅሮ። ከዚያ ምስማር መያዝ እንዳቃተው፣ ትንሿ ልጁ ጫማውን እንደምታስርለት፣ ሌሊት ሕመሙ ሲነሳበት ልጆቹ እንዳይሰሙ ትራስ እንደሚነክስ ተናገረ። የአንድ እናት ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ የሰማሁት የዚያን ቀን ነው። አፈርኩ፤ አለቀስኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ድጋፉ ተፈቀደ። ላመሰግን እትዬ አባሪ ቤት ሄጄ፣ «ይህን ሁሉ የት ተማሩት?» አልኳቸው።

«በባለቤቴ» አሉኝ። «ወገቡ ተሰብሮ ተኝቶ፣ እራመዳለሁ ብለሽ ሙዪ አለኝ። ኩሩ ነበር። እንዳላዋርደው ብዬ፣ እንዳለኝ ሞላሁት።»

«ከለከሏቸው?»

«ከለከሉት። ይግባኝ እንደሚባል ያወቅሁት ከቀብሩ በኋላ ነው።»

 ይህን ብለው ወረቀቶቻቸውን መደርደር ያዙ፤ ለማክሰኞ አንድ እግሩ የተቆረጠ ሹፌር ቀጥረዋል።

ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ፣ የመሥሪያ ቤቱ በር ሳይከፈት ሄጄ ወረፋ ያዝኩላቸው። ሹፌሩን ደግፈው መጡና ሰልፉን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሁለተኛ ነህ» አሉኝ። «ቀደም ብለህ መምጣት ነበረብህ።»