ኩላሊቴን ያወጣልኝ ሮቦት

ጉንፋን የያዘው ሰው መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ ያስነጥሳል። ወገቡን ያመመውም በየደረሰበት እያቃሰተ «እግዜር ይማርህ» ያሰባስባል። ሽንቱ ደም የሆነበት ወንድ ግን፣ እስቲ ፍረዱ፣ ለማን አቤት ይላል? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ይህን ተረት ያወጣው ሰውዬ የታመመው ጥርሱን መሆን አለበት።

እኔ ሰይድ፣ ሰበታ ላይ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩት፣ ሽንቴ ሲቀላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን በቀይ ሥር ላይ አላከክሁ። ባለቤቴ ዘሃራ ነገሩን የደረሰችበት ቀን፣ «ቀይ ሥር ከበላን እኮ ወር አለፈን!» ብላ አፋጠጠችኝና አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ እየጎተተች ወሰደችኝ። ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አገላብጦ አየና፣ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ካንሰር በቅሏል አለኝ። ኩላሊቱም ቱቦውም አብረው መውጣት አለባቸው፤ ህንድ አገር ይህን በሮቦት የሚሠሩ አሉ አለ።

ካንሰር ሲለኝ ኑዛዜዬን በልቤ ማርቀቅ ጀመርኩ። ሮቦት ሲለኝ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ልቤ እንደ ሙሽራ ዘለለች። ከሰበታ ሰው ማን በሮቦት ተቀዶ ያውቃል?

ወደ ህንድ የምበርበት ቀን ደረሰ። አዲስ አበባን በዙሪያዋ ባለው የገበሬ መሬት ላይ ሊያሰፋ ነው በተባለው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ መንገዱ ተዘግቶ አደረ። ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ ገበሬ ናቸው፤ መሬቴን ከተማው ሊውጠው ነው ብለው እንቅልፍ ካጡት አንዱ። «ብቻህን አትወጣም» ብለው በተከራየሁት መኪና ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። ብዙ ሳንርቅ ድንጋይ ተደርድሮ፣ ጎማ እየነደደ፣ ወጣቶች ቆመው አገኘን። አንድ ረጅም ወጣት መጥቶ ዛሬ መኪና አያልፍም አለን።

«ኢልማ ኮ» አሉት ኦቦ ቶሎሳ፣ «ልጄ፣ መሬቱ የእኔም ነው። ይህ ሰው ግን በሽተኛ ነው፤ አውሮፕላኑ ካመለጠው ካንሰሩ አይጠብቀውም።»

ወጣቱ ምኔን እንደሚያመኝ ጠየቀኝ። ምን ላድርግ? ከሚስቴ የደበቅሁትን ነገር ለአንድ መንገድ ሙሉ ጎረምሳ ከነቀለሙ ዘረዘርኩት።

«በሮቦት?» አለ ወጣቱ ዓይኑ ፈጦ። «የምርዎን ነው?»

ዞሮ ጓደኞቹን ጠራ። አምስት ሆነው አንድ መኪና የሚያሳልፍ ያህል ድንጋዩን ገለል አደረጉልን። «ሲመለሱ ይነግሩናል!» እያሉ ሸኙን።

ህንድ ላይ የሚቀደኝ ሐኪም ጨብጦ አበረታታኝ፤ ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ ከእኔ ርቆ ጥግ ላይ ካለው ማሽን ፊት፣ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ተቀመጠ። በላዬ ላይ እሱ ከዚያ ሆኖ የሚያንቀሳቅሳቸው፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት የብረት እጆች ተንጠልጥለዋል። እኔ ጨርቅ ስቀድ እንጂ ጨርቅ ሆኜ አላውቅም! ቢስሚላህ አልኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ስነቃ ኩላሊቴ ከነቱቦው ወጥቷል፤ ሆዴ ላይ ያለው ጥቂት ቀዳዳና አንድ አጭር ስፌት ብቻ ነው። በኋላ ውጤቱ ሲመጣ የቀረ ካንሰር አልተገኘም፤ ፊኛዬን ግን በየጊዜው መታየት አለብኝ። ዘሃራ በስልክ ስትሰማ እልልታዋ ጆሮዬን አደነቆረው።

ስመለስ መንገዱ ተከፍቷል፤ ማስተር ፕላኑም ቀርቷል ተብሏል። ረጅሙን ወጣት ላጫውተው ብፈልግ ታስሯል አሉኝ። ደስታዬ ጎደለ።

አመሻሹ ላይ ኦቦ ቶሎሳ ሽማግሌዎች አስከትለው ሊመርቁኝ መጡ። እጃቸውን ዘርግተው፣ «ዋቃ የሐኪምህን እጅ ይባርከው!» አሉ።

ውሸት ላይ አሜን ማለት ከበደኝ። «ኦቦ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ሲቀደኝ የሐኪሙ እጅ አልነካኝም። የነኩኝ አራት የብረት እጆች ናቸው።»

ኦቦ ቶሎሳ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። «እንግዲያው አራቱንም ዝገት አይንካቸው! መብራትም አይጥፋባቸው!»

«አሜን!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ። አሜናችን ሳያልቅ የሰበታ መብራት ድርግም አለ።