አስካለ የለችም

ወገኖቼ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ዛሬ ራሴን ሦስት ጊዜ ጠራሁትና ራሴው ቀረሁ።

አልጠጣሁም። ትኩሳትም የለኝም። ለክቼዋለሁ!

ለማታውቁኝ፦ ከኦምዱርማን ማዶ፣ ባሕሪ የምትባል ከተማ፣ ፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ የአንድ ትልቅ ሱፐርማርኬት ኩባንያ መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ዐማራትና ኦምዱርማን ያሉት ቅርንጫፎቻችን እርጎ ሲያልቅባቸው ለሰው አይደውሉም፤ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያውቃል። በሄድፎን ጆሯችን ውስጥ ገብቶ "መደርደሪያ ሰባት፣ እርጎ፣ አሥራ ሁለት" ይለናል። እኛም እንለቅማለን።

ለምታውቁኝ ደግሞ፦ አዎ፣ ያቺ በየኮሜንቱ ሥር ሃሌታውን "ሀ" ከሐመሩ "ሐ" እየለየች የምታርማችሁ ሴትዮ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ዓመቴ ስለሆነ ቻሉኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደሉን ይሰስታል።

ችግሩ ሄድፎኑ ዐረብኛ ብቻ ማወቁ ነበር። ከአገር ቤት አዲስ የመጡት ልጆች "ሰብዓ" ሲላቸው "ቲስዓ" ይሰማሉ፤ ሰባተኛው መደርደሪያ ቀርቶ ዘጠነኛው ይራገፋል። ዐማራት እርጎ አዝዛ ማርጋሪን ይደርሳታል!

ባለፈው ወር ባሽሙሃንዲሱ፣ የኮምፒዩተሮቹ መሐንዲስ ማለት ነው፣ አስጠራኝ። እዚህ ሰው ሲጠሩ "ያ" ይላሉ።

"ያ አስካለ፣ አንቺ አንባቢ ነሽ። የአማርኛውን ቃላት አንብቢልኝ፣ ልቅዳው። ለናሙና ነው፤ በኋላ የሬዲዮ ሴት እናመጣለን።"

ሙዲሩ፣ አለቃችን፣ ጨመረበት፦ "ከተሳካ ፎቅ ላይ ጠረጴዛ አለሽ፣ ኢንሻአላህ።"

ጠረጴዛ! ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ሹራብ ደርባ ተላጃ ውስጥ፣ ያ ቤት የሚያህለው ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ለቆመች ሴት ጠረጴዛ! ወንበርም አብሮት ይኖራል ብዬ ገመትኩ።

ስለዚህ ተጠንቅቄ አነበብኩ። ቁጥሮቹን። ዕቃዎቹን። "ፍጠኚ"ን። "የለችም"ን።

ሠራተኛው ለሄድፎኑ የሚመልሰውንም ቃል የመረጥኩት እኔ ነኝ። ባሽሙሃንዲሱ ለሁሉም "እሺ" ይበቃል ሲል አይሆንም አልኩት፤ ሰው ስሙ ሲጠራ "አቤት" ነው የሚለው፣ "እሺ" ትእዛዙን ከሰማ በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት ተከራከርኩ። አሸነፍኩም!

ከዚያ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ሰጠኝ። የቆየ ነው፤ ሥራ የለቀቁትም አሉበት። ዝርዝር እስከ መጨረሻው ይነበባል ብዬ ሁሉንም አነበብኩ።

መጨረሻው ላይ "አስካለ" ይላል። እሱንም አነበብኩ።

እዚህ ላይ አንዳችሁ እንኳ "ተይ!" አላላችሁኝም።

ዛሬ ጠዋት የአማርኛው ሙከራ ነበር። ከዋናው ቢሮ እንግዶች መጥተዋል፣ ሙዲሩ ከረባት አሥሯል። ሌሎቹ ሴቶች ደረቅ ዕቃው ጋ ተመደቡ። እኔን "ጠንቃቃ ናት" ብለው ብቻዬን ተላጃው ውስጥ አስገቡኝ። በሩ ተዘጋ።

እዚያ ውስጥ መብራቱ የሚበራው ሰው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ።

ሄድፎኑን አደረግኩ። መጀመሪያ ሽሽሽ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት፦

"ለምለም።"

የተላጃው ዝርዝር ላይ የተመዘገብነው ሁለት ብቻ ነን፤ ለምለምና እኔ። ለምለም ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሊቢያ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሰማ የለም።

"ለምለም። ለምለም።"



"ለምለም የለችም።"

ድምፁን ዐውቀዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ግን አልመጣልህ አለኝ። ሰው የራሱን ድምፅ ከውጭ ሲሰማው የአክስቱ ይመስለዋል፤ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ?

"አስካለ።"

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አንድ ነገር አጥብቃ ነግራኛለች። የማታዪው ሰው ስምሽን ቢጠራሽ በመጀመሪያው አቤት እንዳትይ። በሁለተኛውም። ሰው ከሆነ ሦስተኛ ይጠራል፤ ሌላው ነገር ሦስት አይደርስም።

እኔ የተማርኩ ሴት ነኝ። ይህን አላምንም።

አፌ ግን ያምናል። ተቆለፈ!

"አስካለ።"

ይሄኔ ዐወቅኩት። የእኔ ነው። ከንፈሬ ገጥሟል፣ ድምፄ ግን ይጠራኛል። ደርቄ በመቅረቴ መብራቱ ጠፋ።

"አስካለ።"

ሦስተኛው! ሰው ነው ማለት ነው፤ አቤት ይባላል። ግን ጠሪዋ እኔ ከሆንኩ አቤት ባይዋ ማን ናት? እናቴ እዚህ ድረስ አላስተማረችኝም።

ይህን ሳወጣ ሳወርድ ጊዜው አለፈ። በጨለማው ውስጥ፣ ረጋ ብላ፣ አንዲት ፊደል ሳታዛንፍ ነገረችኝ፦

"አስካለ የለችም።"

ወገኖቼ፣ ሮጥኩ! የእርጎውን ሣጥን ጣልኩ፣ በእርጎው ተንሸራተትኩ፣ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ከረባት ባሠሩ ሰዎች መካከል "አለሁ! አለሁ! እኔ አለሁ!" እያልኩ ወጣሁ። አንድ እግር ጫማዬ ተላጃው ውስጥ ቀርቷል።

ሙዲሩ ከረባቱን ከእርጎው አራቀ። "ያ አስካለ! ማን ነው የለሽም ያለሽ?"

"እኔ።"

ከዚህ በኋላ የጠረጴዛ ነገር ማንሣት ይከብዳል።

አነሣሁት ግን! እንግዶቹ ወጥተው እርጎውን ስጠርግ ባሽሙሃንዲሱ እየሳቀ መጣ። ሲስተሙ አንድም አልተሳሳተም አለኝ፤ ሦስት ጊዜ ጠራ፣ መልስ አጣ፣ ሥራዬን ወዲያው ለሌላ ሰው አስተላለፈ። እንግዶቹ ወደውታል።

"ድምፅሽ ጥርት ያለ ነው። የሬዲዮ ሴት አንፈልግም፣ ኸላስ!"

"ጠረጴዛውስ?" አልኩት።

ያዘነልኝ ይመስለኛል፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው። "አስካለ፣ ድምፅሽ እኮ ፎቅ ላይ ነው፣ ሰርቨሩ ውስጥ። አንቺ ወጥተሽ ምን ልትሠሪ?"

ምን እንደምሠራ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ለካ በዚያች ደቂቃ ደረቅ ዕቃው ጋ "ስኳር፣ አርባ" እያልኩ ነበር።

ያለቀ መሰላችሁ?

ከሥራ ስንወጣ አውቶቡሱ ላይ እትዬ ዘውዴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ደረቅ ዕቃው ጋ ነው የሚሠሩት፤ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ሌላ ቀን ቦታ ይዘው ነው የሚጠብቁኝ። ዛሬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ድልድዩን ተሻግረን ኦምዱርማን ስንገባ ጠየቅኳቸው፦

"እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምን አጠፋሁ ትላለች ደግሞ! ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ተንጠልጥለሽ 'ዘውዴ፣ ፍጠኚ! ዘውዴ፣ ፍጠኚ!' አንቺ! እኔን! አንቱታው ይቅር፣ 'እትዬ' ማለት እንኳ ጠፋሽ?"

ምን ልበል? እኔ አይደለሁም ልበል? እኔ ነኝ! ዝርዝሩ ላይ "እትዬ" አልተጻፈም፤ እኔ ደግሞ የተጻፈውን ነው የማነበው። "ይፍጠኑ" የሚልም አልነበረም። ሁለቱን "ሀ" ስለይ የኖርኩት ሴት "አንቺ"ንና "እርስዎ"ን ሳልለይ ቀረሁ!

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አውቶቡሱ ነጠረና በግንባሬ የፊቱን ወንበር መታሁ። "ይቅር ይበሉኝ እትዬ፣ ሁለተኛ አይለምደኝም።"

በመጨረሻ ዞር ብለው አዩኝ። ፊቴን አይደለም፤ ጉሮሮዬን ነው ያዩት።

"ነገ ጠዋት ትደግሚዋለሽ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ፣ እኔ ገና ሹራቤን ስደርብ፣ እደግመዋለሁ። ጥርት አድርጌ።

እስቲ ፍረዱኝ፦ ከመካከላችሁ በእኔና በድምፄ መካከል ሽማግሌ የሚሆን ሰው አለ?