ክቡር ሞፋዛል ባይ እና የፈንገሱ ስብ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ነገር ብቻ አጥብቆ የሚያውቅ፣ እሱንም ለሰው ሳይነግር የማያድር ሰው አይጠፋም። ለእኛ፣ በባንግላዴሽ ለማይመንሲንግ ከተማ የሩዝ ተመራማሪዎች፣ የደረሱን ክቡር ሞፋዛል ባይ፣ ማለትም ወንድም ሞፋዛል፣ ናቸው።

የክቡርነታቸው ጉዳይ ስብ ነው። የሩዝ ቅጠል በሚያደርቀው ፈንገስ ገላ ውስጥ ያለ፣ ስፊንጎሊፒድ የሚባል ስብ። «ፈንገሱን ይህን ስብ ንሱት፣ ቅጠሉን ወግቶ መግባት ያቅተዋል» ይላሉ። ሊሰጠው ያሰበ ሰው ግን አልነበረም። ሰርግ ላይ ስለ ሩዙ ወጥ «ቢሪያኒው ቅቤ በዛበት» ያለች አንዲት ምስኪን ምግቧ እስኪቀዘቅዝ አዳምጣቸዋለች። ጥርሳቸውን ሊያስነቅሉ ሄደው ለሐኪሙ አፋቸውን እንደከፈቱ አስረድተዋል።

ባለፈው ክረምት የአንድ ወጣት ቤተሰቦች የክቡርነታቸውን ልጅ ናዚፋን ለጋብቻ ሊያዩ መጡ። ናዚፋ ልጁን ወዳዋለች፤ ቤተሰቡ ካልወደደ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል። የክቡርነታቸው ሚስት ዲልሩባ ቀደም ብላ ጠርታኝ ነበር።

«ወንድሜ፣ አጠገቡ ተቀመጥልኝ። ስብ ሊል ሲል እግሩን ርገጥልኝ» አለችኝ።

እግራቸውን መርገጥ አላስፈለገም፤ ለልጃቸው ሲሉ ስቡን ላያነሱ ቆርጠዋል። ሥራቸውን ሲጠየቁ «እርሻ ነክ ነው» ብቻ አሉ። ስለ ዝናቡ ሲጠየቁም «ደህና ነው» አሉና ጣሪያውን ያዩ ጀመር።

የልጁ አክስት ወደ ልጁ አባት ጠጋ ብላ፣ ሁላችን በምንሰማው ሹክሹክታ፣ «ይሄ ሰውዬ የሚደብቀው ነገር አለ። የልጅቷ ጤና ይሆን እንዴ?» አለች። አባትየው የጣፋጩን ሳህን ገፋ አደረጉት። ከመጋረጃው ጀርባ ሲንቃጨል የነበረው የናዚፋ አምባር ጸጥ አለ።

አንጀቴ አልቻለም። «ሞፋዛል ባይ፣ ያ ስብ እንዴት ሆነ?» አልኩ።

ዲልሩባ ትሪውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«ፈንገሱ የሚገባበት ብቻ መሰለህ?» አሉ ቀና ብለው። «ሩዙም እኮ በዚሁ ስብ ነው ሌባ መምጣቱን የሚያውቀው። ያኔ በሩን ይዘጋበታል።»

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። አምና ማሳቸውን ይኸው በሽታ የጨረሰባቸው የልጁ አባት ወንበራቸውን አስጠጉ። አክስቲቱም ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች።

«ይሄ ሰውዬማ ምንም መደበቅ አይችልም። ልጅቷን ጥሯት» አለች።

ክቡርነታቸው በደስታ ብዛት ከማብራሪያቸው አንድ ቦታ ዘለሉ። «ፈንገሱ መጀመሪያ ቅጠሉ ላይ ይጣበቃል እንጂ» ብዬ ቀጠልኩላቸው። ለካ ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ለካ እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ስለ መጣበቁ በሰፊው ማብራራት ስጀምር ክቡርነታቸው በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ።